መግነዙን የሚፈታለት ማን ነው?

ከመጠጥ ሱስ ለመውጣት በኅብረት ስለ መሰብሰብ የተዘጋጀ ትምህርት

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ዮሐንስ 11፥38-44፤ ማርቆስ 2፥1-12፤ ያዕቆብ 5፥13-16



ጌታችን ኢየሱስ አልዓዛርን ከመቃብር በጠራው ጊዜ የሞተው ሰው ሕያው ሆኖ ወጣ። ነገር ግን እጁና እግሩ በመግነዝ እንደ ታሰረ፣ ፊቱም በጨርቅ እንደ ተጠመጠመ ነበር። ሕይወትን መስጠት የጌታ ብቻ ሥራ ነው፤ በዚህ ከሰው ወገን ማንም ሊያግዘው አልቻለም። መግነዙን መፍታት ግን በዚያ ቆመው ለነበሩት ሰዎች የታዘዘ ሥራ ሆነ። ጌታ በአንድ ቃል ሊበጣጥሰው ሲችል ይህን አገልግሎት ለጎረቤቶች ሰጠ።

ዛሬ ይህን ነገር በመጠጥ ሱስ ስለ ታሰሩ ወገኖቻችን፣ ይልቁንም በገዳሪፍና በምሥራቅ ሱዳን ድንበር ስለሚኖሩት እናስባለን። ከእነርሱ ብዙዎች ቃሉን ሰምተው አልቅሰዋል፤ እንተዋለን ብለውም ምለዋል። ነገር ግን መግነዙን የሚፈታላቸው ሰው ስላላገኙ ተመልሰው ወድቀዋል። በዚህ ትምህርት የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

1. ስለ አገሩና ስለ መጠጡ

ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት። ከገላባት ድንበር እስከ ከተማይቱ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአረምና በአጨዳ ወራት ከመተማና ከሑመራ በኩል ብዙ ወገኖቻችን ለቀን ሥራ ሲሻገሩ ኖረዋል። ሌሎች ደግሞ በስደት ገቡ። የኡም ራኩባ ሰፈር በ1980ዎቹ ዓመታት ከረኃብና ከጦርነት የሸሹትን ተቀበለ፤ በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜም እንደ ገና ተከፈተ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በሐምዳይትና በሌሎች መሻገሪያዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገቡ፤ በ1921 ሳይሆን በዚሁ በእኛ ዘመን፣ በ2021 መጀመሪያ፣ ቱነይድባ የተባለው ሰፈር ተጨመረ። ከዚያም በሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ከካርቱምና ከጀዚራ የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ገዳሪፍ ጎረፉ። እንግዲህ በዚያ አገር አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለትና ሦስት ጊዜ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ይገኛሉ።

ኀዘንና ብቸኝነት ባለበት ስፍራ መጠጥ ሻጩ ሩቅ አይደለም። በሱዳን ምድር ከማሽላ መሪሳ ይጠመቃል፤ ከተምርም ዐረቄ ይወጣል። በመስከረም 1983 የጃዕፈር ኒሜሪ መንግሥት መጠጥን በሕግ ከለከለ፤ በካርቱም የነበረውም መጠጥ ወደ ዓባይ ወንዝ ፈሰሰ፤ በጠጪው ላይም የ40 ጅራፍ ቅጣት ተደነገገ። በሐምሌ 2020 ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች በግል መጠጣትን የሚፈቅድ የሕግ ማሻሻያ ወጣ። ነገር ግን በነዚያ ረጅም ዓመታት መጠጥ ከገበያ ወደ ጓዳ፣ ከብርሃን ወደ ጨለማ ገባ እንጂ ከአገሩ አልጠፋም። ከገላባት ማዶ ባለችው በመተማ መጠጥ ቤት በግልጥ ይከፈታልና፣ ጥማቱ ያለበት ሰው ድንበሩን ይሻገራል።

ይህን የምንናገረው አገሩን ለመንቀፍ አይደለም። በስውር የሚጠጣ ሰው ሕመሙም በስውር እንደሚያድግ ለማሳሰብ ነው። ፖሊስን ይፈራል፤ አሠሪውን ይፈራል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የጉባኤውን ሽማግሌዎች ይፈራል። ስለዚህ በአርብ ቀን መዝሙር ሲዘመር ከኋላ ተቀምጦ፣ ትንፋሹ እንዳይሸት አፉን በነጠላ ሸፍኖ ይወጣል። በመካከላችን ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ነው።

2. ኃጢአት ነውን ወይስ በሽታ?

ብዙ ምእመናን ይህን ይጠይቃሉ። የእግዚአብሔር ቃል ስካርን ኃጢአት ይለዋል፤ እኛም ይህን አንለውጥም። ሆኖም ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው ሥጋው ራሱ መጠጡን እንደ ምግብ ይለምዳል፤ ፈቃዱም ይደክማል። በእሳት የተጫወተ ሰው ጥፋቱ የራሱ ቢሆንም ቁስሉ ሐኪም ይፈልጋል። ስካርም እንዲሁ ነው፤ ለኃጢአቱ ሥርየት፣ ለቁስሉ ሕክምና፣ ለድካሙም ጓደኛ ያስፈልገዋል። ከሦስቱ አንዱ ብቻ በተሰጠ ጊዜ ሰውየው ግማሽ እንደ ተፈታ ይቀራል።

በዚህ ስፍራ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም ከጥቂት ሰዓቶች በኋላ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቀዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፤ የሌለውን ያያል፤ ቀንና ሌሊቱን አይለይም። ይህ ነገር ሰውን ይገድላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው ባየን ጊዜ ጋኔን ነው ብለን በጸሎት ቤት ዘግተን እንዲጾም አናድርገው፤ እየጸለይን ፈጥነን ወደ ሐኪም እናድርሰው። ሐኪም መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መድኃኒት አለው፤ በመጠጥ ምክንያት ከሰውነት የጎደለውን ታያሚን የተባለውን ቪታሚንም ይሰጣል። ደግሞም በስውር የሚወጣ ዐረቄ ሜታኖል የተባለ መርዝ ሊገኝበት ይችላልና፣ ከጠጣ በኋላ ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው አንድ ሰዓት እንኳ ሊዘገይ አይገባውም።

3. ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል

አሁን ሱስን በኅብረት ስለ መዋጋት እንዴት እንደ ተጀመረ እንናገር። በ1877 በስዊስ አገር በጄኔቭ ሉዊ ሉሲየን ሮሻ የተባለ ቄስ ሰካራሞችን በወንጌልና በኅብረት ለመርዳት ሰማያዊ መስቀል የሚባለውን ማኅበር አቆመ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው ግን ከእርሱ በኋላ በአሜሪካ የተጀመረው ነው።

ቢል ዊልሰን የሚባል የአክሲዮን ነጋዴ በመጠጥ ምክንያት ኑሮው ፈርሶ ነበር። በ1934 መጨረሻ መጠጡን ተወ። ከአምስት ወር በኋላ፣ በግንቦት 1935፣ ለንግድ ጉዳይ ወደ አክሮን ከተማ ሄደ፤ ጉዳዩም ሳይሳካለት ቀረ። ኪሱ ባዶ፣ ልቡ የተሰበረ ሆኖ በሆቴሉ አዳራሽ ሲመላለስ በአንድ በኩል የመጠጥ ቤቱን ሣቅ ሰማ፤ በሌላው በኩል የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝርና ስልክ ነበረ። ወደ ስልኩ ሄደ። ለአንድ ቄስ ደውሎ የለመነው ስብከት እንዲሰብክለት አልነበረም፤ የሚነጋገረው ሌላ ሰካራም እንዲያገኝለት ነበር እንጂ። በዚያ ቄስ አማካይነት ሰዎች እየተቀባበሉ ሮበርት ስሚዝ ከሚባል ሐኪም ጋር አገናኙት፤ ይህ ሰው ቀዶ ሐኪም ሲሆን ራሱ በመጠጥ የታሰረ ነበር። ሐኪሙ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ እቀመጣለሁ ብሎ መጣ፤ ነገር ግን ስድስት ሰዓት ያህል ተነጋገሩ። የመጣው እንግዳ አልገሠጸውም፤ የራሱን ውድቀት ነገረው እንጂ።

ሐኪሙ ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ እንደ ገና ወደቀ። ወዳጁ ግን አልተወውም። ሰኔ 10 ቀን 1935 የመጨረሻውን መጠጥ ጠጣ፤ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ማለት ስማቸውን የማይገልጡ የመጠጥ ሱሰኞች ማኅበር፣ ልደቱን ከዚያች ቀን ይቈጥራል። ዛሬ በ180 ያህል አገሮች ይገኛል።

ሁለቱም ሰዎች አስቀድሞ በኦክስፎርድ ጉባኤ ይሰበሰቡ ነበር። ይህን እንቅስቃሴ የመሠረተው ፍራንክ ቡክማን የተባለ አሜሪካዊ የሉተራን ቄስ ነበር። ኃጢአትን ለወንድም መናዘዝንና የተበደለን መካስን በዚያ ተማሩ። እንግዲህ ይህ ነገር ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ማርቲን ሉተርም በ1537 በሽማልካልደን አንቀጾች ውስጥ ወንጌል ወደ እኛ የሚደርስባቸውን መንገዶች ሲዘረዝር ከስብከት፣ ከጥምቀት፣ ከጌታ እራትና ከኃጢአት ሥርየት ጋር የወንድሞችን እርስ በርስ መነጋገርና መጽናናት ቈጥሮአል።

4. በስብሰባው ምን ይደረጋል?

ብዙ ሰው ከደጁ የሚመለሰው የሚሆነውን ባለማወቅ ስለ ፈራ ነው። ስለዚህ ሥርዓቱን በአጭር እንግለጥ።

ስብሰባው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ለመግባት የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም መጠጥን ለመተው መፈለግ ነው። ክፍያ የለም፤ መዝገብ አይጻፍም፤ የአባት ስም አይጠየቅም። አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ዝም ብለው ይሰማሉ፤ በመካከል ገብቶ የሚከራከር ወይም የሚመክር የለም። እያንዳንዱ ስለ ራሱ ይናገራል እንጂ ስለ ጎረቤቱ አይናገርም። መናገር ያልፈለገ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ ይችላል። በዚያ የተሰማው በዚያ ይቀራል።

መጠጥን ከተዉ ብዙ ጊዜ የሆናቸው ወንድሞች ለአዲሱ ሰው ጓደኛ ይሆኑታል፤ ጥማቱ በተነሣበት ሰዓት በሌሊትም ቢሆን ይጠራቸዋል። መንገዱም አሥራ ሁለት ደረጃዎች አሉት። ፍሬ ነገራቸው ይህ ነው፤ ሰው በገዛ ኃይሉ እንደማይችል ያምናል፤ ራሱን ለእግዚአብሔር ይሰጣል፤ ኑሮውን ይመረምራል፤ በደሉን ለእግዚአብሔርና ለሌላ ሰው ይናዘዛል፤ የበደለውን ይክሳል፤ በመጨረሻም የተቀበለውን ለሌላው ያደርሳል።

አንዳንዶች፣ ‹‹ይህ ማኅበር የክርስቶስን ስም አይጠራምና እንዴት እንሄዳለን?›› ይላሉ። እውነት ነው፤ ማኅበሩ የማንም ሃይማኖት አይደለም፤ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ያላመነውም ይገባበታል። ስለዚህ በቃሉና በምሥጢራቱ ፋንታ ልናደርገው አይገባንም። ነገር ግን ወባ የያዘው ሰው ከማያምን ሐኪም እጅ መድኃኒት እንደሚቀበል፣ እንዲሁ የዚህን ጉባኤ እርዳታ በምስጋና መቀበል ይቻላል። የሚያድነውን ጌታ ስም ያወቀ ሰው በዚያ በልቡ ይጥራው።

5. ስብሰባ እንዴት ይገኛል? ከሌለስ?

በኢትዮጵያ ያለ ሰው መጀመሪያ ከሐኪም ይጠይቅ። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ለመተማም ቅርብ በሆነችው በጎንደር የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይህን ሕመም ያውቁታል። ስልክና ኢንተርኔት ባለበት ስፍራ ደግሞ ማኅበሩ በድምፅ ብቻ የሚካሄዱ ስብሰባዎች አሉት፤ ሰው ፊቱን ሳያሳይ ሊሰማ ይችላል። በገዳሪፍ ወይም በስደተኞች ሰፈር ያለ ሰው በክሊኒኩ ያለውን የጤና ሠራተኛ ወይም የታመነ የጉባኤ አገልጋይ ይጠይቅ።

ምንም ካልተገኘ ግን ሁለት ሰዎች ይበቃሉ። ከላይ የነገርናችሁ ማኅበር የተጀመረው በሁለት ሰዎች ነውና። የሚጀምሩት ሰዎች እነዚህን ያስተውሉ፦

ሀ. ቀኑና ሰዓቱ የተወሰነ ይሁን። በሱዳን አርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ የቀን ሠራተኛው ሊመጣ ይችላል። በብርሃን ጊዜ ይሁን እንጂ በሌሊት አይሁን።

ለ. ስፍራው ከመጠጥ ቤት የራቀ፣ የአገሩም ሕግና የሰፈሩ አስተዳደር የማይከለክለው ይሁን። ስብሰባ ፈቃድ በሚያስፈልግበት ስፍራ ሽማግሌዎች አስቀድመው ይጠይቁ፤ የመጪዎቹን ስም ግን ለማንም አይስጡ።

ሐ. ቡና ይፈላ። እኛ የጽዋ ማኅበርን፣ ዕድርንና ዕቁብን የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ተሰብስቦ መረዳዳትን ከአባቶቻችን ተምረናል። የምሥራቅ ሱዳንም ሰው እንደ እኛ በጀበና ያፈላል። በጠላው ፋንታ አቦል፣ ቶናና በረካ ይቀርብ፤ ሰውም ሦስቱ እስኪያልቁ ይቀመጥ።

መ. በአጨዳ ወራት ሠራተኞች ወደ እርሻው ሲበተኑ ብቻውን የሚሄድ አይኑር። የቀን ሠራተኛ ደመወዙን የሚቀበልበት ቀን የፈተናው ቀን ነውና፣ በዚያ ቀን የሚደውልለት ወይም አብሮት የሚሄድ ወንድም ይመደብለት።

ሠ. የጠጪው ሚስትና ልጆችም ይታሰቡ። በ1951 የቢል ዊልሰን ሚስት ሎይስ ከሌሎች ጋር ሆና ለጠጪዎች ቤተ ሰቦች አል-አኖን የተባለውን ማኅበር መሠረተች። የእኛም እኅቶች ለብቻቸው ተሰብስበው ዕንባቸውን የሚያፈስሱበት ሰዓት ያስፈልጋቸዋል።

6. የጉባኤው ዕዳ

ሽባውን የተሸከሙት አራት ሰዎች ቤቱ ሞልቶ መግቢያ ባጡ ጊዜ ጣራውን አፈረሱ። ደጁን የዘጉት ጌታን ለመስማት የመጡ ሰዎች እንደ ነበሩ እናስተውል። እኛም ሳናውቀው ደጁን ዘግተን ይሆናል።

አንደኛ፣ ምላሳችንን እንጠብቅ። አንድ ሰው በጓዳ የተናዘዘው ነገር በማግሥቱ በገበያ ከተሰማ፣ ከእርሱ በኋላ አሥር ሰው አይመጣም። እንደ ጸሎት ርእስ አድርጎ ማውራትም ሐሜት ነው።

ሁለተኛ፣ የጌታን ማዕድ እናስብ። ከመጠጥ ለተላቀቀ ሰው አንድ ጉንጭ ወይን እንኳ የቀድሞውን ጥማት ሊቀሰቅስበት ይችላል። ቄሱ ከእርሱ ጋር አስቀድሞ በብቸኝነት ተነጋግሮ ያልቦካ የወይን ወይም የዘቢብ ጭማቂ ያዘጋጅ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቢቀርብ ይሻላል፤ ማንም ተለይቶ አይታወቅምና።

ሦስተኛ፣ ዐረቄ የምታወጣውን እኅት አንርሳ። በስደት አገር ባል የሞተባት ወይም የጠፋባት ሴት ልጆችዋን ለማሳደር ይህን ሥራ ትይዛለች፤ ጅራፉንና እስራቱንም እየፈራች ትኖራለች። እርስዋን አውግዘን ብንወጣ ማታ ልጆችዋ ይራባሉ። በዚያ አገር ብዙ ወገኖቻችን በመንገድ ዳር ሻይና ቡና እየሸጡ ይኖራሉና፣ ጉባኤው ዕቁብ ጥሎ የከሰል ምድጃ፣ ብርጭቆና ስኳር ቢገዛላት ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ይጠቅማል።

አራተኛ፣ የወደቀውን እንደ ገና እንቀበል። ያ ሐኪም ከመጀመሪያው ንግግር በኋላ ወድቆ ነበር፤ ወዳጁ በዚያ ቀን ቢተወው ኖሮ ዛሬ የምንናገርለት ነገር ባልኖረ። የወደቀው ሰው በሚቀጥለው አርብ ሲመጣ ወንበሩ በስፍራው ይቆየው። የት ነበርህ ብለን ሳንመረምር ቡናውን እንቅዳለት።

እነሆ፣ ጌታ ዛሬም በመቃብር ደጅ ቆሞ ሰዎችን በስማቸው ይጠራል። የተጠራው ይወጣል፤ ነገር ግን እንደ ታሰረ ይወጣል። መግነዙ ይሸታል፤ ለመንካትም ያስጠላል። ማርታ ስለ ሽታው ተናግራ ነበር፤ ጌታም ስለ ሽታው አልተወውም። በዚያ የቆምነው እኛ ነንና እጃችንን እንዘርጋ።

ለመነጋገሪያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አልዓዛርን የመፍታት ሥራ ለጎረቤቶች የተሰጠው ለምን ይመስላችኋል?

2. በጉባኤያችን አንድ ሰው ስለ መጠጡ በእውነት ሊናገር ቢፈልግ ወደ ማን ይሄዳል? ምሥጢሩስ ይጠበቅለታልን?

3. መጠጥን በድንገት ያቆመ ሰው ቢንቀጠቀጥና ቢቃዥ ምን እናደርጋለን? በአጠገባችን ያለው የጤና ጣቢያ የት ነው?

4. በመጠጥ ሽያጭ የምትኖር እኅት ብትኖር ጉባኤው ምን ሌላ ሥራ ሊከፍትላት ይችላል?

ጸሎት

ሙታንን የምታስነሣ ጌታ ሆይ፣ በስደት አገር በስውር የሚያለቅሱትን ታያቸዋለህ። እጃቸው ወደ ጽዋው በሚዘረጋበት ሰዓት አንድ ወንድም ላክላቸው። እኛንም ከሐሜትና ከፍርድ ጠብቀን፤ የታሰረውን ለመፍታት የማይጸየፍ እጅ ስጠን። በሰንሰለት ያሉት ሁሉ ከቅዱሳንህ ጋር በነጻነት እስኪያመሰግኑህ ድረስ ጉባኤህን አትተው። ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ብለህ ስማን፤ አሜን።